የአሠልጣኝ ሚዛን፤ ስለ አሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ አሠልጣኞች ደረጃ

በአንድ ሙያ የተሰለፉትን ሰዎች እያነጻጸሩ ማን ይበልጣል፣ ማንስ ያንሳል ማለት ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሰው ልማድ ነው። ጀግናው ከጀግና፣ ባለቅኔው ከባለቅኔ፣ ዳኛው ከዳኛ ሲመዘን እንሰማለን። በአሜሪካም በያመቱ የማርች ወር ደርሶ የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና በተጀመረ ጊዜ፣ ጋዜጠኛው፣ መምህሩና ተማሪው አሠልጣኞችን በተርታ እያሰለፉ ይከራከራሉ። ይህ ክርክር ለሰሚው የመዝናኛ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ አገር የኮሌጅ አሠልጣኝ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙም ሆነ የሥራው ዕድሜ ሰዎች በሚሰጡት ደረጃ ይወሰናል። ስለዚህ ሰዎች የሚመዝኑበት ነገር አሠልጣኙ የሚደክምለት ነገር ይሆናል። ሚዛኑ የተዛባ እንደ ሆነ ግን ሥራውም አብሮ ይዛባል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ ደረጃ ለመስጠት አስበናል። ሆኖም ስሞችን ከመደርደር አስቀድሞ ሚዛኑን መመርመር ይገባል ብለን፣ በታሪክ ውስጥ አሠልጣኞች የተመዘኑባቸውን ሦስት መንገዶች በየተራ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

ጨዋታው የተፈጠረው በ1891 ዓ.ም. ዲሴምበር ወር ነው። በካናዳ አገር የተወለዱት ጄምስ ናይስሚዝ፣ በአገራችን ወ.ወ.ክ.ማ. በሚል አጠራር የታወቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ በነበረው ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። የበረዶው ወራት ገብቶ ተማሪዎቹ ከቤት ውጭ መጫወት ስላልቻሉ፣ በአዳራሽ ውስጥ የሚሆን ጨዋታ እንዲፈልጉ ታዘዙ። ናይስሚዝም ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ግራና ቀኝ አሰቅለው፣ 13 ደንቦች ጽፈው፣ 18 ተማሪዎቻቸውን ዘጠኝ ዘጠኝ አድርገው አጫወቷቸው። የዛሬው ጨዋታ ከዚያ ወረደ።

በ1898 ናይስሚዝ ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደው የጸሎት ቤት ኃላፊና የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኑ፤ የዩኒቨርሲቲውንም የመጀመሪያ የቅርጫት ኳስ ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑን እስከ 1907 ሲመሩ በ55 ግጥሚያዎች አሸነፉ፤ በ60 ተሸነፉ። እንግዲህ የነገሩ እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛ አሠልጣኝ ቢኖር ጨዋታውን የፈጠሩት ሰው ብቻ ናቸው። ድል ብቻ የሚቈጠር ከሆነ አባትየው ከልጆቻቸው ሁሉ በታች ይቀመጣሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሚዛን ትክክል ሊሆን ይችላልን?

የመጀመሪያው ሚዛን ይኸው የድል ቍጥር ነው። ይህን ሚዛን ከፍ አድርገው ካሳዩት ሰዎች ቀዳሚው የናይስሚዝ ተማሪ የነበሩት ፎረስት አለን ናቸው። የቅርጫት ኳስ በልምምድ የሚሻሻል ጥበብ መሆኑን በማስተማር የአሠልጣኝነትን ሙያ እንደ ሙያ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በካንሳስ ብቻ 590 ጊዜ አሸነፉ፤ በ1952ም የአገሪቱን ሻምፒዮና ወሰዱ። ጨዋታው በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ውስጥ እንዲገባ ከደከሙት ሰዎችም አንዱ ናቸው፤ ሽማግሌው ናይስሚዝም በዚያ ተገኝተው የፈጠሩት ጨዋታ በዓለም መድረክ ሲታይ ለማየት በቁ።

ከአለን ተጫዋቾች መካከል አዶልፍ ራፕ ወደ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ከ1930 እስከ 1972 አሠለጠኑ። 876 ጊዜ በማሸነፍ የዘመናቸው የወንዶች ኮሌጆች አንደኛ ሆኑ። ይህንን ቍጥር በ1997 ዲን ስሚዝ በለጡት፤ ስሚዝን በ2007 ቦብ ናይት፣ ናይትን ደግሞ በ2011 ማይክ ሸሸፍስኪ በለጧቸው። ሸሸፍስኪ በ2022 ሥራቸውን ሲያቆሙ ቍጥራቸው 1,202 ደርሶ ነበር። ቍጥር እንዲህ ነው፤ ትናንት የማይደረስበት የተባለው ዛሬ ይታለፋል።

የድል ቍጥር ዋጋ የለውም አንልም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያለ እውቀትና ያለ ትጋት የሚያሸንፍ ሰው የለምና። ዳሩ ግን ቍጥሩ ማን ከማን ጋር እንደ ተጫወተ፣ ማንስ ከበር እንደ ተመለሰ አይናገርም። ራፕ ኬንታኪ በገቡበት ዘመን በደቡብ ግዛቶች በነበሩት የነጮች ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተማሪ መጫወት ቀርቶ መማርም አይችልም ነበር። ይህን ሥርዓት ራፕ ብቻቸውን አላቆሙትም፤ ይሁን እንጂ በዚያው ማኅበር ውስጥ የነበረው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በ1967 ጥቁር ተጫዋች ሲያሰልፍ፣ የኬንታኪ የመጀመሪያ ጥቁር ተጫዋች የተመዘገበው በ1969 ነው፤ ይኸውም ራፕ ሥራ በጀመሩ በ39ኛው ዓመት መሆኑ ነው።

የዚህም ነገር ፍርድ በአደባባይ የታየው ማርች 19 ቀን 1966 በሜሪላንድ ግዛት በተደረገው የሻምፒዮናው ፍጻሜ ነው። ከኤል ፓሶ ከተማ የመጣው የቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ አሠልጣኝ ዶን ሃስኪንስ አምስት ጥቁር ተጫዋቾች አሰልፈው ጨዋታውን ጀመሩ። በፍጻሜ ግጥሚያ እንዲህ ያለ አሰላለፍ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። በዚያ ምሽት ለቴክሳስ ዌስተርን የተጫወቱት ሰባት ሰዎች ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ የራፕ ቡድን ግን በሙሉ ነጭ ነበር። ቴክሳስ ዌስተርን 72 ለ65 አሸነፈ። ሃስኪንስ በዘመናቸው 719 ጊዜ ያሸነፉ ሰው ናቸው፤ ከሁሉ ጐልቶ የሚታወሰው ግን ያ አንድ ድል ነው። አንዳንድ ድል ብቻውን ከመቶ ድል እንደሚመዝን ከዚህ እንረዳለን።

ከበር ተመልሰው በር የሆኑ ሌላም ሰው አሉ። ጆን ማክሌንደን በ1915 በካንሳስ ግዛት ተወለዱ፤ አድገውም ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ጥቁር በመሆናቸው በዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ እንዲጫወቱ አልተፈቀደላቸውም። ሆኖም አማካሪ መምህራቸው ናይስሚዝ ስለ ነበሩ፣ ሜዳው ላይ የተነፈጉትን እውቀት ከምንጩ ተማሩ። በ1936 ተመርቀው በኖርዝ ካሮላይና ግዛት በደርሃም ከተማ በሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ አሠልጣኝ ሆኑ። ተጫዋቾቻቸው ከሜዳ ጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጡ እንዲያጠቁና ተጋጣሚያቸውን በሜዳው ሁሉ እያሳደዱ እንዲያስጨንቁ ያስተማሩት ትምህርት፣ ዛሬ በየትኛውም ቡድን የሚታየው የፈጣን ጨዋታ መሠረት ነው።

ማርች 12 ቀን 1944 እሑድ ዕለት፣ ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ሳለ፣ የማክሌንደን ልጆች በዚያው ከተማ ከሚገኘው ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነጭ ተጫዋቾች ጋር በራቸውን ቈልፈው በስውር ተጋጠሙ። ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ መጫወት በዚያ ዘመን ከእስራት አልፎ ለሕይወትም የሚያሰጋ ነገር ነበር። የማክሌንደን ቡድን 88 ለ44 አሸነፈ። ከዚያም ሁለቱ ወገኖች ተቀላቅለውና እንደ ገና ተከፋፍለው ሁለተኛ ጨዋታ ተጫወቱ። ወሬው ከ50 ዓመት በላይ ተሸሽጎ ኖሮ በ1996 ለአደባባይ በቃ። እነሆ፣ ይህ ግጥሚያ በይፋ የድል መዝገብ ውስጥ የለም። ቢሆንም በዚያ ዓመት በአሜሪካ ከተደረጉት ጨዋታዎች ሁሉ ከዚህ የበለጠ ምን ነበር?

ማክሌንደን በኋላ ቴነሲ ውስጥ በሌላ የጥቁሮች ኮሌጅ፣ የትንንሾቹን ኮሌጆች ብሔራዊ ሻምፒዮና በ1957፣ በ1958 እና በ1959 በተከታታይ ወሰዱ። ሦስት ተከታታይ ብሔራዊ ሻምፒዮና በመውሰድ ከማናቸውም የኮሌጅ አሠልጣኝ ቀዳሚው እሳቸው ናቸው። በ1966 ደግሞ የክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሲሆኑ፣ አብዛኛው ተማሪው ነጭ በሆነ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥራ የተሾሙ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኑ። በጨዋታው የክብር አዳራሽ በ1979 ስማቸው የገባው ለጨዋታው እድገት አስተዋፅኦ እንዳደረገ ሰው ተቈጥረው ነበር። በአሠልጣኝነታቸው የተመዘገቡት በ2016፣ ካረፉ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ሚዛኑ ራሱን ለማረም ይህን ያህል ጊዜ ፈጀበት።

ሁለተኛው ሚዛን የሻምፒዮና ብዛት ነው። በዚህ ሚዛን ከወንዶች አሠልጣኞች መካከል ጆን ውድንን የሚስተካከል አልተገኘም። ውድን በኢንዲያና ግዛት ተወልደው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ከነበሩ በኋላ በ1948 በሎስ አንጀለስ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተረከቡ። ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት 10 ሻምፒዮና ወሰዱ፤ ከ1967 እስከ 1973 ያሉት ሰባቱ በተከታታይ የተገኙ ናቸው። ከ1971 እስከ 1974ም 88 ጊዜ በተከታታይ አሸነፉ።

ከዚህ ሁሉ ቍጥር ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ሌላ ቍጥር ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተገኘው በ16ኛው የሥራ ዘመናቸው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ዩኒቨርሲቲው ታግሦ ባያቈያቸው ኖሮ፣ ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ባልበዛም ነበር። የሸሸፍስኪም ታሪክ ይህን ይመስላል። በዱክ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 38 አሸንፈው 47 ተሸነፉ፤ ከዚያ በኋላ ግን በ1991፣ በ1992፣ በ2001፣ በ2010 እና በ2015 አምስት ሻምፒዮና ወሰዱ። እንግዲህ ዋንጫ የሚነግረን የዘሩን ፍሬ እንጂ የዘሩን ጊዜ አይደለም።

ውድን በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ልምምድ ላይ ተጫዋቾቻቸውን የሚያስተምሩት ካልሲ እንዴት እንደሚለበስና የጫማ ማሰሪያ እንዴት እንደሚታሰር ነበር። ካልሲ ከተጨማደደ እግር ይቈስላል፤ እግሩ የቈሰለ ተጫዋች ደግሞ አይሮጥም። ከዓመቱ እስከ ዓመቱም ለእያንዳንዱ ልምምድ የሚሠራውን በየደቂቃው ከፋፍለው በወረቀት ይጽፉ ነበር። በመጨረሻው የሥራ ዘመናቸው ሁለት የሥነ ልቡና ምሁራን በልምምድ ጊዜ የሚናገሩትንና የሚያደርጉትን እየተከታተሉ ቢመዘግቡ፣ ከ2,326 የማስተማር ተግባሮች ውስጥ ከመቶ 75 ያህሉ ይህን እንዲህ አድርግ የሚል ቀጥተኛ ትምህርት ሆኖ ተገኘ። ምስጋናውም ተግሣጹም እያንዳንዱ ከመቶ ሰባት አይሞላም ነበር። ቍጣ የበዛበት አሠልጣኝ ብርቱ ይመስላል፤ ከሁሉ የበለጠ ያሸነፈው ሰው ግን ጊዜውን የጨረሰው በማስረዳት ነው።

የውድንን ልክ ለማወቅ ግን ከዋንጫ በፊት ወደ ነበረው ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። በ1947 በኢንዲያና ስቴት ሲያሠለጥኑ ቡድናቸው ወደ ብሔራዊ ውድድር ተጋብዞ፣ ክላረንስ ዎከር የተባለ ጥቁር ተጫዋች እንዳይሰለፍ የውድድሩ ደንብ ስለ ከለከለ ግብዣውን አልተቀበሉም። በሚቀጥለው ዓመት ክልከላው ተነሣ፤ ዎከርም ተጫወተ። ይህም ሲነገር ጐዶሎው መደበቅ የለበትም። በድል ዘመናቸው አንድ ባለጸጋ ለቡድኑ ተጫዋቾች ከደንብ ውጭ ጥቅም ይሰጥ እንደ ነበር በኋላ ተገልጿል፤ ውድንም ነገሩን አጥብቀው አልመረመሩም ተብለው ተወቅሰዋል። ታሪክ ሰውን ከነጥላው ሲያሳይ ይታመናል።

በዋንጫ ብቻ መመዘን ሌላም ችግር አለበት፤ ዋንጫ ይሰረዛልና። ሪክ ፒቲኖ በ2013 ከሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ጋር የወሰዱት ሻምፒዮና ደንብ ተጥሷል ተብሎ በ2018 ከመዝገብ ተፋቀ። ቦብ ናይት ደግሞ ሦስት ሻምፒዮና የወሰዱ፣ በ1976 ቡድናቸው 32 ጊዜ ተጫውቶ አንድም ያልተሸነፈ ታላቅ ባለሙያ ሳሉ፣ በጠባያቸው ምክንያት በ2000 ከኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተሰናበቱ። እውቀት ያለ ትዕግሥት ምን ያህል እንደሚጐዳ የሳቸው ታሪክ ያሳያል።

ሦስተኛው ሚዛን ተማሪ ነው። በአገራችን የቅኔ ቤት አንድ መምህር ሲነሣ፣ አስቀድሞ የሚጠየቀው ከማን ተማሩ፣ ማንንስ አስተማሩ የሚለው ነው። የቅርጫት ኳስም እንዲህ ያለ የትምህርት ሐረግ አለው። ከናይስሚዝ አለንና ማክሌንደን ወጡ፤ ከአለን ራፕና ዲን ስሚዝ ወጡ፤ ናይት ደግሞ በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ሸሸፍስኪን አስተማሩ። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ 55 አሸንፈው 60 የተሸነፉት ናይስሚዝ ከሐረጉ ሥር ላይ ይገኛሉ። የመጀመሪያው እንቆቅልሽ በዚህ ይፈታል።

ዲን ስሚዝ በ1952 የአለን ሻምፒዮና ቡድን ውስጥ ተጫዋች ነበሩ። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ከ1961 እስከ 1997 አሠልጥነው 879 ጊዜ አሸነፉ፤ በ1982 እና በ1993 ሻምፒዮና ወሰዱ። በ1966 ቻርሊ ስኮት የተባለውን ወጣት አስመጥተው፣ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ነጻ ትምህርት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ አደረጉት። በ2015 ሲያርፉም ኑዛዜያቸው ተከፍቶ ሲነበብ፣ በዘመናቸው ለተጫወቱላቸው 180 ያህል ሰዎች ለእያንዳንዳቸው እራት የሚበሉበት 200 ዶላር እንዲላክ ማዘዛቸው ታወቀ። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ በዓለም የታወቀም ነበረ፤ ከወንበር ያልተነሣም ነበረ። የሁሉም ድርሻ ግን እኩል ነበር።

ወይዘሮ ፓት ሰሚት በ1974 በ22 ዓመታቸው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን ሲረከቡ ደመወዛቸው በወር 250 ዶላር ነበር። የተጫዋቾቹን ልብስ ራሳቸው ያጥባሉ፤ ቡድኑን የሚያጓጉዘውን መኪና ራሳቸው ይነዳሉ። በመንግሥት ገንዘብ የሚረዱ ትምህርት ቤቶች በጾታ ምክንያት ልዩነት እንዳያደርጉ የሚያዝዘው ሕግ የወጣው ገና በ1972 ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው የሴቶች ሻምፒዮናም የተጀመረው በ1982 ነው። ሰሚት ግን በ2012 ሥራ እስካቆሙ ድረስ 1,098 ጊዜ አሸንፈው ስምንት ሻምፒዮና ወሰዱ። በቴነሲ የጨዋታ ዘመናቸውን ከፈጸሙት ተጫዋቾቻቸው መካከል ዲግሪ ያልያዘች አልነበረችም። የማስታወስ ኃይልን የሚያጠፋ በሽታ ይዟቸው በ2016 በ64 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ስማቸውን የሚያስታውሱ ብዙ ሺህ ሰዎች ትተው ሄዱ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። የአሠልጣኙ ሥራ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በብዙ ተለውጧል። በ2021 ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ቀለለ። በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ እንዲያካፍል ተፈቀደለት። ለደካማው ተጫዋች ይህ ፍትሕ ነው፤ በላቡ ሌላው ሲከብርበት ኖሯልና። ለአሠልጣኙ ግን አንድን ወጣት አራት ዓመት ይዞ ማሳደግ ብርቅ ሆነ። ውድን 16 ዓመት የታገሡበት፣ ስሚዝ 180 ሰዎች በስም ያስታወሱበት ሥራ ዛሬ ከባድ ፈተና ላይ ነው። ስለዚህ ያሁኖቹን አሠልጣኞች ስንመዝን፣ በዚህ ማዕበል ውስጥ ማን አስተማሪ ሆኖ ቈየ ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

እንግዲህ እስከ 2025 ባለው ሥራቸው፣ በዚያ ዓመት በሥራ ላይ ከነበሩት አሠልጣኞች አምስቱን በሦስቱ ሚዛኖች አጣምረን እናስቀምጣለን።

አንደኛ ጂኖ ኦሪየማ ናቸው። በኢጣልያ ተወልደው በሰባት ዓመታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱ ሰው ሲሆኑ፣ የኮኔቲከትን የሴቶች ቡድን በ1985 ተረክበው እስከ 2025 ድረስ 12 ሻምፒዮና ወሰዱ። ከ2014 እስከ 2017 ቡድናቸው 111 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በኖቬምበር 2024ም በድል ቍጥር ከወንድም ከሴትም የኮሌጅ አሠልጣኞች ሁሉ በላይ ሆኑ።

ሁለተኛ የሳውዝ ካሮላይናዋ ዶን ስቴሊ ናቸው። በ2017፣ በ2022 እና በ2024 ሻምፒዮና ወስደዋል፤ በመጨረሻው 38 ተጫውተው 38 አሸንፈዋል። በዚህ ጨዋታ ሻምፒዮና የወሰደ ቡድን የቅርጫቱን መረብ ቈርጦ ይዞ መሄድ ልማዱ ነው። በ1999 ሻምፒዮና የወሰዱት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አሠልጣኝ ካሮሊን ፔክ፣ ከመረባቸው ቍራጭ በኋላ ለስቴሊ ሰጧቸው። ስቴሊም በተራቸው የ2017ቱን መረብ እየቈራረጡ ለሌሎች ጥቁር ሴት አሠልጣኞች ላኩ። ሐረጉ እንዲህ ሲዘረጋ ከዚህ የበለጠ ምልክት አናገኝም።

ሦስተኛ የሚቺጋን ስቴቱ ቶም ኢዞ ናቸው። 12 ዓመት ረዳት ሆነው ተምረው በ1995 ዋና አሠልጣኝ ሆኑ፤ በ2000 ሻምፒዮና ወሰዱ። ከ1998 እስከ 2025 ብሔራዊው ውድድር በተካሄደባቸው ዓመታት ሁሉ ቡድናቸው ሳይጠራ የቀረበት ጊዜ የለም። አንድ ዋንጫ ብቻ ያላቸውን ሰው ሁለት ካላቸው በፊት ማስቀመጣችን ሊያከራክር ይችላል፤ እኛ ግን በአንድ ቦታ ሠላሳ ዓመት ጸንቶ ማስተማርን ከዋንጫ አናሳንስም።

አራተኛ በናይስሚዝ ወንበር የተቀመጡት የካንሳሱ ቢል ሰልፍ ሲሆኑ፣ በ2008 እና በ2022 ሻምፒዮና ወስደዋል። አምስተኛ የኮኔቲከት የወንዶች ቡድን አሠልጣኝ ዳን ኸርሊ ናቸው። በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ሻምፒዮና ወስደዋል፤ ሙያውንም የተማሩት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠልጣኝነታቸው የክብር አዳራሽ ከገቡት ከአባታቸው ነው። ከአምስተኛነት ያላለፉት በእውቀት አንሰው አይደለም፤ ተማሪዎቻቸው ምን እንደሚሆኑ ጊዜ ገና ስላልነገረን ነው።

ካለፉት መካከልስ ብንባል ውድንን አንደኛ፣ ሰሚትን ሁለተኛ፣ ማክሌንደንን ሦስተኛ፣ ስሚዝን አራተኛ፣ ሸሸፍስኪን አምስተኛ እናደርጋለን። ማክሌንደን ከ1,202 ድል ባለቤት በፊት መቀመጣቸውን የሚቃወም ቢኖር፣ እኩል በር ተከፍቶላቸው ቢሆን ኖሮ ስንት ጊዜ ባሸነፉ ነበር ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ቍጥር ጥሩ አገልጋይ ነው፤ የተቈጠረውን ይነግረናል። እንዳይቈጠር የተደረገውን ለማወቅ ግን ታሪክን መጠየቅ ያስፈልጋል። ተማሪ የሚያስተምርም ሆነ ሠራተኛ የሚመራ ሰው፣ ዛሬ ያስመዘገበው ውጤት አንድ ምስክር ነው፤ በእጁ ያለፉት ሰዎች ከሃያ ዓመት በኋላ የደረሱበት ደግሞ ሁለተኛ ምስክር ነው። ሁለቱን ምስክሮች ሳይሰማ የፈረደ ዳኛ ፍርዱ ይግባኝ ይጠየቅበታል።